ሳህን ላይ የሞተ ቫይረስ

ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ፣ በብዙ የቻይና ከተሞች ሰው በየመድኃኒት ቤቱ በር ተሰለፈ። ውሃን ከተማ ከተዘጋች ስምንት ቀኗ ነበር። ሺንዋ የተባለው የመንግሥት ዜና ወኪል በዚያ ምሽት ያሰራጨው ዜና አጭር ነው፤ የሻንጋይ የመድኃኒት ምርምር ተቋምና የውሃን የቫይረስ ጥናት ተቋም ሹዋንግኋንግሊያን የሚባለው ፈሳሽ አዲሱን የኮሮና ቫይረስ ሊገታ እንደሚችል ደርሰውበታል ይላል። ለቻይናዊ ሹዋንግኋንግሊያን እንግዳ ነገር አይደለም። ጉንፋን ሲይዝ፣ ጉሮሮ ሲከረክር የሚጠጣ የተለመደ መድኃኒት ነው። የሚሠራውም ከሦስት ተክል ነው፦ ከጂንዪንኋ አበባ፣ ከኋንግቺን ሥርና ከሊያንቺያዎ ፍሬ። ከቤት አትውጡ፣ አትጠጋጉ የተባለ ሕዝብ ያን ሌሊት አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ መድኃኒት ፍለጋ በብርድ ተጠጋግቶ ቆመ። በኢንተርኔት የሚሸጡት መደብሮችም ዕቃው አለቀባቸው። በማግሥቱ ፒፕልስ ዴይሊ ጋዜጣ ነገሩን ለማብረድ ሞከረ፤ ቫይረሱን ይገታል ማለት በሽታውን ይከላከላል ወይም ያድናል ማለት አይደለም አለ። ሰዉ ግን መድኃኒቱን ገዝቶ ገብቷል።

ሰልፈኛውን ለመውቀስ አልቸኩልም። ልክ በስድስተኛው ሳምንት፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ሲነገር እኛስ ምን አደረግን? ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው ሰማይ ነካ፤ ዝንጅብልና ፌጦ በየቤቱ ተወቀጠ። የጨነቀው ሰው እናቱ ወዳሳየችው ነገር ይመለሳል። እናቱ ያሳየችው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከንቱ አይደለም። ለዚህም ነው ጉዳዩን በቁም ነገር መያዝ ያለብን።

ሺንዋ አልዋሸም። ተመራማሪዎቹም አልዋሹም። ችግሩ ያለው «ይገታል» በምትለው አንዲት ግሥ ላይ ነው። ቻይና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የጻፈችው፣ የቀመመችውና በሕመምተኛ አልጋ ዳር የሞከረችው የተክል መድኃኒት ወደ ዘመናዊ ፀረ ቫይረስነት የሚያደርገው ጉዞ ሁሉ በዚህች ግሥ ውስጥ ያልፋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ያ መገታት የታየው የት ነው? መዳፍ በሚያህል ግልጽ የፕላስቲክ ሳህን ላይ። ሳህኑ 96 ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ አንዱ ጉድጓድ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ብትገባበት ይሞላል። በየጉድጓዱ ወለል ላይ ሕያው ሕዋሳት እንደ ምንጣፍ ተነጥፈው ሮዝ ቀለም ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሕዋሳት ቬሮ የሚባሉት ናቸው፤ በ1962 ጃፓን ውስጥ፣ ቺባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንዲት አፍሪካዊት ጦጣ ኩላሊት ተወስደው እስከ ዛሬ ሳያቋርጡ የሚባዙ። ተመራማሪው ቫይረሱን ያንጠባጥብባቸዋል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ሕዋሳቱ ተኮማትረው፣ ከወለሉ ተላቀው ይንሳፈፋሉ፤ ምንጣፉ ተበሳስቷል። የተክሉ ጭማቂ የገባባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ግን ምንጣፉ እንደተነጠፈ ነው። ያን ያየ ተመራማሪ ልቡ ይዘላል፤ ለምን አይዘል?

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ግን ጨጓራ የለም። አንጀት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ደም የለም። የሚያስመልሰው፣ ልቡ የሚመታበት ሰው የለም። በረኪናም እዚያ ላይ ቢንጠባጠብ ቫይረሱን ይፈጀዋል፤ ሕዋሱንም አብሮ። የጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ደግሞ የሰው ሳንባ አይደለም። እኛ ለወባ የምናውቀው የክሎሮኪን ወንድም፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ በቬሮ ሕዋስ ላይ የኮሮና ቫይረስን አስቁሞ ዓለምን አስጨብጭቦ ነበር። በሳንባ ሕዋስ ላይ ሲሞከር አልሠራም። ቫይረሱ ወደ ሳንባ ሕዋስ የሚገባበት ሌላ በር ነበረው፤ መድኃኒቱ የዘጋው የኩላሊቱን በር ነው። በሰኔ 2020 የብሪታንያው ትልቅ ጥናት፣ ሪከቨሪ፣ ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን ምንም እንዳልፈየደ አሳወቀ።

አንዱን ተክል ቀረብ ብለን እንየው። ጋንጻኦ ይሉታል ቻይኖቹ፤ «ጣፋጭ ሣር» ማለት ነው። ሥሩ ደረቅ፣ ከውጭ ቡናማ ከውስጥ ቢጫ ሲሆን ሲያኝኩት ምራቅን የሚሞላ ጣፋጭ ነው። ካይሮ የኖረ ሰው ኢርቅ ሱስ የሚባለውን ጥቁር መጠጥ ቀምሶ ከሆነ ይህንኑ ሥር ቀምሷል። በቻይና መድኃኒት አዋቂዎች ዘንድ እንደ ጋንጻኦ በየቅመማው ውስጥ የሚገባ የለም ማለት ይቻላል፤ ሌሎቹን ያስማማል ይሉታል። በ2002 መጨረሻ ከቻይናው ጓንግዶንግ የተነሣው ሳርስ 8,096 ሰዎችን ይዞ 774ቱን ሲገድል፣ በ2003 የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህ ሥር የሚወጣው ግላይሲራይዚን የሳርስን ቫይረስ በቬሮ ሕዋስ ላይ እንደሚገታ ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡ። ዜናው እውነት ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቫይረሱን በግማሽ ለመቀነስ ያስፈለገው በአንድ ሊትር ፈሳሽ 300 ሚሊግራም ያህል ግላይሲራይዚን ነው። ጥሩ ፀረ ቫይረስ የምንለው መድኃኒት ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ይሠራል። የአንድ ጎልማሳ ደም አምስት ሊትር አካባቢ ነው እንበል፤ ደሙን ብቻ እዚያ መጠን ላይ ለማድረስ አንድ ግራም ተኩል ንጹሕ ግላይሲራይዚን፣ ሳይሰበርና ሳይጣራ፣ ደም ውስጥ መንሳፈፍ አለበት። ይሁንና በአፍ የተዋጠ ግላይሲራይዚን እንዳለ ወደ ደም አይገባም። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር መሳይ ጓዙን ገፈው ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡታል። ያ የተገፈፈው ደግሞ ኩላሊት ውስጥ አንድ ኢንዛይም ያዳክማል፤ ሰውነት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ፖታሲየም በሽንት ይወጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ምቱን ይስታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ከዚህ ሥር የሚሠራውን ጥቁር ከረሜላ በቀን 57 ግራም ያህል ለሁለት ሳምንት ቢበላ በልብ ምት መዛባት ሆስፒታል ሊገባ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ቫይረሱ ከመነካቱ በፊት ልብ ይነካል ማለት ነው። ጃፓኖች ግላይሲራይዚንን በመርፌ ለረጅም ዘመን ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ተጠቅመውበታል፤ ግን የጉበቱን መቆጣት ለማብረድ ነው።

እኔ ከዚህ ሒሳብ የተማርኩት ትልቅ ነገር አለ። «ይህ ተክል በቫይረስ ላይ ይሠራል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው፦ በምን ያህል? ያ መጠንስ ሳንባ ይደርሳል?

የዚያ ሌሊት ሰልፍ መነሻ የሆነውን ሹዋንግኋንግሊያንን በዚሁ ዓይን ብናየው ታሪኩ ከጋንጻኦው የበለጠ ይስባል። ከሦስቱ ተክሎች አንዱ፣ ኋንግቺን፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ አጭር ተክል ነው፤ ሥሩ ሲቆረጥ ወርቅማ ቢጫ ነው። ውስጡ ባይካሌይን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሻንጋዩ ቡድን ባይካሌይን የኮሮና ቫይረስን ዋና ቢላዋ እንደሚያዶለዱም አሳየ። ቢላዋ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኖቹን የሚያሠራው ተራ በተራ ሳይሆን እንደ አንድ ረጅም ገመድ አያይዞ ነው፤ ከዚያ ገመዱ በልኩ መቆረጥ አለበት። ቆራጩ ኢንዛይም ካልሠራ ቫይረሱ አይወለድም። ባይካሌይን ከዚህ ኢንዛይም ስለት ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ በኤክስሬይ ምስል ታይቷል፤ ኢንዛይሙን በግማሽ ለማዳከም የበቃውም በሊትር ሩብ ሚሊግራም ብቻ ነው። ከጋንጻኦው 300 ሚሊግራም ጋር አስተያዩት፤ አንዱ የተለካው በኢንዛይም ላይ፣ ሌላው በሕዋስ ላይ ቢሆንም ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ታዲያ ለምን መድኃኒት አልሆነም? ሰውነት ስለማይፈቅድለት። ተክሉ ውስጥ አብዛኛው ባይካሌይን አንድ የስኳር ዘመድ ተሸክሞ ይገኛል፤ ከነሸክሙ የአንጀትን ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ሸክሙን ያወርዱለታል፤ ያኔ ያልፋል። ግድግዳውን ሲያልፍና ጉበት ሲደርስ ግን ሰውነት መልሶ ያሸክመዋል፤ ባይካሌይንም ወደ መውጫው ይነዳል። ያወልቃሉ፣ ያለብሳሉ፤ በዚህ መሐል ሳንባ የሚደርሰው ጥቂት ነው። አሁን ከዚህ አጠገብ ፓክስሎቪድን አስቀምጡት። የፋይዘር መድኃኒት ነው፤ በታኅሣሥ 2021 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የሚያጠቃው ያንኑ ቢላዋ ነው። ታማሚው በአንድ ጊዜ ሦስት ኪኒን ይውጣል፤ ሁለቱ ሮዝ፣ አንዱ ነጭ። ቫይረሱን የሚዋጉት ሮዞቹ ናቸው። ነጩ ሪቶናቪር ይባላል፤ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን የቆየ ወዳጅ ነው፤ እዚህ ግን ሥራው ጉበትን መያዝ ብቻ ነው፣ ሮዞቹን ቶሎ እንዳይፈጫቸው። የዘመኑ ኬሚስቶች ራሳቸው ከጉበት ጋር ሲታገሉ አንድ ሙሉ ኪኒን ለዚያ ብቻ መድበዋል። የኋንግቺን ሥር ያልነበረው ያ ነጭ ኪኒን ነው።

ተክሎች እነዚህን ነገሮች ለእኛ ብለው አልሠሯቸውም። ተክል መሮጥ፣ መደበቅ፣ መናከስ አይችልም፤ ነፍሳትን፣ ሻጋታን፣ ቫይረስን የሚመልስበት ጦሩ ኬሚስትሪ ነው። ስለዚህ ተክል ውስጥ ሕይወት ባለው ነገር ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር መገኘቱ አያስደንቅም። አስቸጋሪው አንዳንዱ ከሁሉም ጋር የሚሠራ መሆኑ ነው። ከሽንኩርት እስከ ሻይ ቅጠል የሚገኙ ብዙ ንጥረ ነገሮች፣ ኩዌርሴቲን አንዱ ነው፣ እጁን ማር እንደነካው ሕፃን ያገኙት ፕሮቲን ሁሉ ላይ ይለጠፋሉ። በሙከራ ቱቦ ውስጥ የካንሰሩንም፣ የስኳሩንም፣ የቫይረሱንም ኢንዛይም «ገቱ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህን የሚያውቁ ኬሚስቶች እንዲህ ያለ ውጤት ሲያዩ ወዲያው ይጠራጠራሉ፤ ልክ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ክርክር መሐል ሁሌ የሚጠራ አንድ ስም አለ፤ ቱ ዮዮ። ያገኙት መድኃኒት የወባ ነው፤ የወባ ተሐዋሲ ደግሞ ቫይረስ አይደለም። ቢሆንም ታሪካቸውን ሳልነግር አላልፍም። ግንቦት 23 ቀን 1967 ቻይና በምሥጢር የወባ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረች፤ በቀኑ ስም ፕሮጀክት 523 ተባለ። ቤጂንግ ውስጥ ቱ ዮዮ የሚመሩት ቡድን ወደ 200 ከሚጠጉ ተክሎች ከ380 በላይ ጭማቂ አወጣ። ቺንግሃዎ የተባለው ተክል፣ የእኛዎቹ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ፣ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ቱ ዮዮ ወደ ጥንት መጻሕፍት ተመለሱ። ጌ ሆንግ የሚባል ሊቅ በአራተኛው መቶ ዘመን በጻፈው የድንገተኛ ሕመም መድበል ላይ ቺንግሃዎን አንድ ጭብጥ ወስዶ በውኃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣት እንደሚገባ አስፍሯል። ማፍላት የሚል የለበትም። የቻይና መድኃኒት ደግሞ አብዛኛው ተፈልቶ የሚጠጣ ነው።

እዚህ ላይ ደርሼ ባነበብኩ ቁጥር እናቴ ትታየኛለች። ምች የመታው ልጅ ሲኖር ዳማከሴ ከጓሮ ትቀነጥሳለች፤ ቅጠሉን በመዳፏ መሐል አሽታ አረንጓዴውን ጭማቂ ቡናው ላይ ታንጠባጥባለች፤ የቀረውን አፍንጫችንና ግንባራችን ላይ ትቀባናለች። ለምን አታፈዪውም ብላት ኖሮ የምትመልስልኝ «እንዲህ ነው የሚደረገው» ነበር። እንዲህ ነው የሚደረገው በሚለው መልስ ውስጥ ግን ማንም ያልጻፈው ዕውቀት ሊኖር ይችላል። ቱ ዮዮ ያደረጉት ይህን ነው፤ የጥንቱን አሠራር ከነዝርዝሩ አመኑት፤ ከዚያ ፈተኑት። ሙቀቱ የሚሠራውን ነገር እያጠፋው ይሆናል ብለው ገምተው፣ በ35 ዲግሪ በሚፈላ ኤተር ጭማቂውን አወጡ። ጥቅምት 4 ቀን 1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና በአይጥ ላይ የወባውን ተሐዋሲ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ለሕሙማን ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው ዋጡት። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ከ2004 ጀምሮ በሀገራችን ጤና ጣቢያዎች ለወባ የሚታደለው ኮአርተም ግማሽ አካሉ የዚያ ቅጠል ልጅ ነው።

ለቫይረስስ እንዲህ ያለ ድል ለምን አልተገኘም? የወባ ተሐዋሲ የራሱ ጓዳ ያለው፣ የሚበላና የሚያስወግድ ሙሉ ሕዋስ ነው፤ ቱ ዮዮ ከቺንግሃዎ ያወጡት አርቴሚሲኒን የሚያጠምደው ሄሞግሎቢን ሲበላ በሚተርፈው ብረት ነው። ቫይረስ ጓዳ የለውም፤ የሚያበስለው በእኛ ምድጃ፣ በእኛ ዕቃ ነው። ምድጃውን ብታጠፋ የምታጠፋው የራስህን ቤት ነው። የራሱ የሆኑት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ያየነው ቢላዋ አንዱ ነው።

አንድ ነገር ግን በፍትሕ መታየት አለበት። ሕመምተኛ የሚፈልገው ሁልጊዜ የቫይረስ ሞት አይደለም። ሊያንኋ ቺንግወን በሳርስ ጊዜ የተቀመመ እንክብል ነው፤ 13 ነገሮች አሉበት፣ ጂንዪንኋ፣ ሊያንቺያዎ፣ ጋንጻኦና መተንፈሻን የሚከፍተው ማኋንግ ጭምር። በ2020 የወጣ አንድ የቻይና ጥናት 284 የኮቪድ ሕሙማንን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ከመደበኛው ሕክምና ላይ እንክብሉን ጨመሩ። ትኩሳቱ፣ ድካሙና ሳሉ የለቀቃቸው በ7 ቀን ነው፤ ያልወሰዱት በ10። ይህ ለታመመ ሰው ትንሽ አይደለም። ቫይረሱ ከሰውነታቸው በመጥፋት ረገድ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። በተጨማሪም እንክብሉን የወሰዱት መውሰዳቸውን ያውቁ ነበር፤ መድኃኒት እንደዋጠ የሚያውቅ ሰው «ተሻለኝ» ለማለት ይቀለዋል። ለማስመሰያ የሚሆን፣ መልኩ፣ ሽታውና ምሬቱ ከእውነተኛው የማይለይ ባዶ መድኃኒት ማዘጋጀት የቅጠላ ቅጠል ጥናት ትልቁ ራስ ምታት ነው። ያም ሆኖ ያለ እሱ የተሠራ ጥናት ሲጠቀስ ሳይ ቅር ይለኛል፤ ሐሳቡን ሊደግፍ የፈለገ ሰው በዚያው ያዳክመዋል።

የእናቴም ዳማከሴ እዚህ ጋ ትገባለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቅጠሉን ጭማቂ ትኩሳት ባስነሡባቸው አይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት እንደሚያበርድ በ2003 አሳትመዋል። ትኩሳት ማብረድ ነው ያሉት፤ ቃሉን አላሰፉትም። ሊያንኋ ቺንግወንም በዚህ ልክ ቢነገርለት ኖሮ የሚጣላው ብዙ አልነበረም።

ተክሉ ቫይረሱን እንዲገታ ወይም ሕመሙን እንዲያቀል መፈለግን አየን፤ አሁን ወደ ሦስተኛው መንገድ ልምጣ። ይህኛው ተክሉን እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ጥሬ ዕቃ የሚያይ ነው። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኩዎ ሺዩንግ ሊ፣ የቻይናን የመድኃኒት ተክሎች ሲመረምሩ የኖሩ የታይዋን ተወላጅ ኬሚስት፣ ከአንድ የታይዋን ተክል ያገኙትን ቤቱሊኒክ አሲድ አሻሽለው ኤች አይ ቪ ጎልምሶ እንዳይወጣ የሚያደርግ ቤቪሪማት የሚባል ዕጩ መድኃኒት ሠሩ። ሰው ላይ ተሞከረ፤ ለአንዳንዱ ሠራ፣ ለብዙው አልሠራም። ምክንያቱ ሲታይ ብዙ ታማሚዎች ውስጥ ያለው ቫይረስ መድኃኒቱ የሚይዝበት ቦታ ላይ በተፈጥሮው ትንሽ ልዩነት ነበረው። ሙከራው ቆመ። ተክሉም ኬሚስቱም አልሰነፉም፤ ቫይረሱ ቀድሞ ነበር።

የተሳካው የት ነው? ሾርባ ድስት ውስጥ። በደቡብ ቻይና፣ በጓንግሺ ኮረብታዎች፣ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ አለ፤ ፍሬው ሲደርቅ ስምንት ጫፍ ያለው ቀይ ቡናማ ኮከብ ይሆናል። ቻይኖቹ ባጂያዎ ይሉታል፤ «ስምንት ቀንድ» ማለት ነው። በየቀንዱ ውስጥ አንዳንድ የምታብለጨልጭ ፍሬ ተቀምጣለች። ሽታው ወደ እንስላል ያደላል፤ ኡዞ የሚባለውን መጠጥ የቀመሰ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። የአሳማና የዳክዬ ወጥ ያለ እሱ አይጥምም ይላሉ፤ መድኃኒት አዋቂዎቹም ለሆድ ቁርጠትና ለብርድ ይሰጡታል። ይህ ኮከብ ሺኪሚክ አሲድ የሚባል ነገር በብዛት ያከማቻል። ስሙ የመጣው ከጃፓናዊው መንትያው ከሺኪሚ ነው፤ የሆላንዱ ኬሚስት አይክማን በ1885 አሲዱን ያገኘው ከዚያ ነበር። መንትያው ግን መርዝ ነው። በደረቁ ጊዜ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ፤ በ2003 አሜሪካ ውስጥ የባጂያዎ ሻይ የጠጡ ወደ 40 ሰዎች፣ 15 ያህሉ ሕፃናት፣ ታመሙ፤ መንቀጥቀጥ የያዛቸውም ነበሩ።

የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የተሠራው ከዚህ አሲድ ነው፤ ሺኪሚክ አሲድ ራሱ ግን ኢንፍሉዌንዛን አያክምም። የባጂያዎ ሻይ በገንቦ ቢጠጣም ቫይረሱ ግድ የለውም። ኬሚስቶቹ የፈለጉት ቅርጹን ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሕዋስ ሲወለድ እምብርቱ እንዳልተቆረጠ ሕፃን ሕዋሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ የያዘውን ስኳር ቆርጦ የሚፈታው ኑራሚኒዴዝ የሚባል መቀስ አለው። መቀሱ ስኳሩን ሲቆርጥ ለቅጽበት ቀለበቱን ያጣምመዋል። ሺኪሚክ አሲድ ደግሞ በተፈጥሮው ያን የመሰለ ጠማማ ቀለበት አለው። ካሊፎርኒያ ያለው የጊሊያድ ኩባንያ ኬሚስቶች በዚህ ቅርጽ ላይ ተጨማሪ ክንዶች ሰክተው መቀሱ የሚነክሰውና የማይለቀው ነገር ሠሩ። ሮሽ የሚባለው የስዊስ ኩባንያ በ1996 መብቱን ወሰደ፤ በ1999 ታሚፍሉ ተብሎ ተፈቀደ። ከአሲዱ እስከ እንክብሉ 10 ያህል ደረጃ አለ፤ አንዱ ደረጃ ላይ የሚገባው አዛይድ ሊፈነዳ የሚችል ስለሆነ በየትም ፋብሪካ የሚሠራ አይደለም። በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ሕመሙን ያሳጥራል፤ በ2014 ኮክሬን የተባለው ቡድን ጥናቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ሲመዝን ለጎልማሶች ከ7 ቀን ወደ 6.3 ቀን እንደሚያወርድ ደርሶበታል። ብዙ የተባለለት መድኃኒት ያተረፈው ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ግን ተለክቷል፣ ታውቋል፤ ሐኪም ለማን መስጠት እንዳለበት ሊወስንበት ይችላል።

በ2005 የወፍ ጉንፋን ፍርሃት ዓለምን ሲይዝ መንግሥታት ታሚፍሉ በሚሊዮን አዘዙ። ለአንድ ታማሚ የአምስት ቀን መድኃኒት፣ ለ10 እንክብል፣ 13 ግራም ያህል ባጂያዎ ይበቃል፤ ሚሊዮኖች ሲሆን ግን ዛፉ አልቻለም። ዛፍ በትእዛዝ አያፈራም። ሮሽ አብዛኛውን ምርት ገዛ፤ የጓንግሺ ገበሬ ለወጥ የሚሸጠው ኮከብ ዋጋው ናረ። መውጫው የተገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ጆን ፍሮስት የተባሉ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት፣ ኢ. ኮላይ የተባለችውን የአንጀት ባክቴሪያ ጂኖቿን ለውጠው ከተራ ስኳር ሺኪሚክ አሲድ እንድታመርት አድርገው ነበር። ኩባንያው ከፊሉን አሲድ በዚህ መንገድ ማሠራት ጀመረ። በብረት ጋን ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ስኳር እየበሉ፣ ሌት ተቀን፣ የኮረብታውን ዛፍ ሥራ ይሠራሉ። ባለ ስምንት ቀንዱ ኮከብ ደግሞ በዳክዬው ወጥ ውስጥ እንደ ጥንቱ ይንተከተካል።